በበጋ አይቼ የገዛሁት ቤት ግድግዳ እንዴት እንደደረቀ
ሰሚት አካባቢ የገዛሁትን ቤት ያየሁት በጥር ወር ስለነበር፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከታች ብቻ አዲስ ቀለም መቀባቱ አላጠራጠረኝም፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ረጠበ፣ ልስኑም በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፍ ጀመር። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪው እንደማይዞር፣ ማለትም ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ እንደሌለ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል ውጭ ቆሜ ስመለከት፣ የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን መሠረቱ ሥር ሲያፈስ፣ የግቢው ሊሾም ወደ ቤቱ አዘቅዝቆ አገኘሁት። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በመሆኑ ጉዳዩ በእውነት አስፈርቶኛል። ሊሾውን አስነስቼ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አሠራሁ፣ መውረጃውንም እስከ መንገዱ ቦይ አስቀጠልሁ፤ ልስኑን ግን ግድግዳው በበጋ እስኪደርቅ አላስነካሁትም። ባለፈው ክረምት ግድግዳው አልረጠበም። በበጋ ቤት የሚያዩ ሰዎች ቢያንስ አንድ ባልዲ ውሃ ግቢው ላይ ደፍተው ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉት።