ስለ ኤአይ ህግ ስናወራ ደጋግመን የምንሳሳተው ነገር

ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) በህግ ይገዛ አይገዛ የሚለው ክርክር ላይ ብዙ ሰው ገና ሲነሳ ይሳሳታል፣ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ አደጋውን የነገ ማድረግ። ሮቦት ይነሳብናል ምናምን ስንባባል፣ ዛሬ የሰው ድምፅ በኤአይ አስመስለው ለዘመዱ ደውለው ብር ላኩ የሚሉ ሌቦች አሉ እኮ።

ሁለተኛው "ሲስተሙ ነው የወሰነው" ሲባል አሜን ብሎ መቀበል ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሆላንድ የሆነውን እዩ። የግብር መስሪያ ቤቱ የህፃናት መዋያ ድጎማ ከሚጠይቁ ወላጆች መሃል ማን ያጭበረብራል የሚለውን በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ሲስተም እንዲገምትለት አደረገ፣ ሲስተሙ ደሞ ነጥብ ሲሰጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ሰውየው የሆላንድ ዜግነት አለው የለውም የሚለው ነበር። ፋይሉን የሚመረምረው ሰራተኛ እንኳን ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም፣ ታዲያ ለእናትየው ምን ብሎ ያስረዳት? በዚህ የድጎማ ቅሌት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለጥፋታቸው አጭበርባሪ ተብለው የወሰዱትን ሁሉ መልሱ ተባሉ፣ እዳ ውስጥ ተዘፈቁ፣ በመጨረሻም በፈረንጆቹ ጥር 2021 ላይ የሀገሪቱ ካቢኔ ስልጣን ለቀቀ። እኛም ጋ አሁን ብድር በስልክ ሆኗል፣ ሚስጥር ቁጥርህን አስገብተህ ትጠይቃለህ፣ አይፈቀድልህም ይልሃል፣ በቃ። ለምን እንደተከለከልክ የሚነግርህና ውሳኔውን መቀየር የሚችል ሰው መኖር አለበት፣ ህጉ ከዚህ ይጀምር።

ሶስተኛ፣ ህግ ከወጣ ፈጠራ ይሞታል ማለት። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2024 የፀናውና በየደረጃው ስራ ላይ እንዲውል የተደረገው የአውሮፓ ህብረት የኤአይ ህግ ሁሉንም በአንድ አይን አያይም፣ ስፓም (ያልተፈለገ ኢሜይል) የሚለይ ሲስተም ላይ ምንም አይጭንም ማለት ይቻላል፣ ስራ አመልካች የሚመርጠው ላይ ግን ጠበቅ ይላል፣ የሰራተኛን ፊት አይቶ ስሜቱን የሚገምተውን ደሞ ለህክምናና ለደህንነት ካልሆነ ጭራሽ ከልክሏል። የተከለከለውን የሰራ ድርጅት እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከአመታዊ የአለም ሽያጩ 7 ፐርሰንት ይቀጣል።

የመጨረሻው የአውሮፓን ህግ እንዳለ ኮፒ ማድረግ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ እሱን በደንብ ማስፈፀም አንድ ነገር ነው። ግን እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ የሆነ ሲስተም አማርኛ ላይ ይደናበራል፣ የጥላቻ ፖስት ሳያይ ሊያልፍ ጤነኛውን ሊያግድ ይችላል፣ ብራስልስ ያለው የአውሮፓ ህብረት ደሞ ይሄንን አስቦ አይፅፍልንም። እዚህ ስራ ላይ የሚውል ሲስተም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ተሞክሮ ውጤቱ ይፋ ይሁን የሚለውን አንቀፅ መፃፍ ያለብን እኛው ነን።