የግራ መስመር ተከላካይነትን ከአንዲ ሮበርትሰን እንዴት ትማራለህ?

የግራ መስመር ተከላካይ መሆን ከፈለግክ አንድ ሰው ላሳይህ። የስኮትላንዱ አምበል አንዲ ሮበርትሰን። ከእሱ የፈጠኑ አሉ፣ ከእሱ የረዘሙ ሞልተዋል። ግን አንዴ ሮጦ ሳይሳካለት ሲቀር ወዲያው ሁለተኛውን ሩጫ የሚጀምር እንደሱ አላየሁም። ይህን ደግሞ መማር ይቻላል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እወቅ፤ አጨዋወቱ እዚያ ውስጥ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1994 ግላስጎው ተወለደ። በሴልቲክ ታዳጊ ቡድን አደገ፣ በ15 ዓመቱ ሰውነትህ ትንሽ ነው ተብሎ ተቀነሰ። ከዚያ የገባው ኩዊንስ ፓርክ ነው፤ ያኔ በስኮትላንድ አራተኛ እርከን የሚጫወትና ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፍል አማተር ክለብ። ሃምፕደን ፓርክ ስታዲየም ውስጥ ስልክ እያነሳ ትኬት ይሸጥ ነበር። ኦገስት 2012 ላይ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ገንዘብ መኖር ከባድ እንደሆነና ሥራ እንደሚፈልግ ትዊተር ላይ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ዳንዲ ዩናይትድ ወሰደው፣ በ2014 ሃል ሲቲ በ2.85 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ከሃል ጋር ሁለት ጊዜ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል፣ አንዴ ተመልሶ ወጥቷል። በ2017 ነው ሊቨርፑል በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ያመጣው። ስለዚህ ከቡድን ከተቀነስክ ዝቅ ያለ ክለብ ገብተህ በየሳምንቱ መጫወትን አትናቅ። እሱን የሠራው በየሳምንቱ መሰለፉ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው።

ክንፍ ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ሲመጣብህ ፊት ለፊት ተገትረህ አትጠብቀው። ጎንህን ስጠው፣ ጉልበትህን ሰበር አድርግ፣ የአንድ ክንድ ያህል ራቅ በል። ዓይንህ ኳሱ ላይ ይሁን፤ ትከሻውንና እግሩን ካየህ ይሸውድሃል። ወደ መሀል የሚያስገባውን መንገድ ዝጋና ወደ መስመሩ ግፋው። በተለይ ግራ እግረኛ ሆኖ በቀኝ መስመር የሚጫወት ከሆነ ወደ ውስጥ ቆርጦ መምታት ነው የሚፈልገው፣ እሱን ከነፈግከው ግማሽ ሥራህ አለቀ። ሸርተቴ የመጨረሻው አማራጭህ ይሁን፤ አንዴ መሬት ላይ ከወደቅክ ከጨዋታው ወጥተሃል።

ቢያልፍህስ? ያልፍሃል፣ ሁሉንም ያልፋሉ። ያኔ ኳሱን ከኋላ እያሳደድክ አትሩጥ። በቀጥታ ወደ ራስህ ግብ ሩጥ፣ ኳሱ የሚሄድበት ቦታ ቀድመህ ድረስ።

ጫና ስለመፍጠር ግን አንድ ጨዋታ ፈልገህ እይ። ጃንዋሪ 14 ቀን 2018፣ ሊቨርፑል ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 3 ያሸነፈበት። ሮበርትሰን ከግራ መስመሩ ተነሳና ኳሱን ማሳደድ ጀመረ። ሲቲዎች ሲያቀብሉ ተከተለ፣ ሲመልሱ ተከተለ፣ በረኛው ኤደርሰን ድረስ ሄደ፣ በመጨረሻ የሲቲው ተከላካይ ኦታሜንዲ ላይ ጥፋት ሠራ። ኳሱን አልነጠቀም! የሊቨርፑል ስታዲየም አንፊልድ ግን በጩኸት ተናወጠ። እኔ ይህን ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳየሁት አላስታውስም። የምትወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ኳስ ወደ ኋላ ሲመለስ ወይም ተቀባዩ ጀርባውን ሲሰጥህ ያኔ ሂድ። ከመሄድህ በፊት ግን የተውከውን ቦታ የሚሸፍን ሰው መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ።

ማጥቃቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስሙን ያገነነው እሱ ስለሆነ። የሊቨርፑሉ አጥቂ ሳዲዮ ማኔ ከግራ ወደ መሀል ሲገባ የተቃራኒውን የቀኝ ተከላካይ ይዞት ይሄዳል፣ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ሮበርትሰን ከኋላ ተነስቶ ያንን ባዶ ቦታ ይወስዳል። ጎል የሚሆኑ ኳሶችን በፕሪሚየር ሊጉ በ2018–19 11፣ በ2019–20 ደግሞ 12 አመቻችቷል። የሚያሻማው በደመ ነፍስ አይደለም። ኳሱን ከመንካቱ በፊት ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ በረኛው ሊወጣበት ተከላካዩም ሊዞርበት በሚቸገርበት ክፍተት በሁለቱ መካከል ጠንከር አድርጎ ይልካል። አንተም እንዲህ ተለማመድ፦ ከመሀል ሜዳ ተነስተህ እየሮጥክ፣ ሳትቆም፣ በግራ እግርህ 20 ኳስ አሻማ። ቆሞ ማሻማት ሁሉም ይችላል፤ ደክሞህ ትንፋሽህ ተቆርጦ ስታሻማ ነው እግርህ የሚፈተነው።

ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆንም ቆመህ አትመልከት። ኖቬምበር 2019 በአስቶን ቪላ ሜዳ ቪላ ፓርክ ላይ ሊቨርፑል 1 ለ 0 እየተመራ በ87ኛው ደቂቃ ማኔ አሻማ፣ በሩቁ ቋሚ ደርሶ በጭንቅላቱ ያስቆጠረው የግራ ተከላካዩ ነበር። ከዚያ ማኔ ራሱ ጨምሮ 2 ለ 1 አሸነፉ።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከሆንክም ተስፋ አትቁረጥ። ሮበርትሰን ሊቨርፑል እንደገባ ሌላው የግራ ተከላካይ አልቤርቶ ሞሬኖ ነበር የሚቀድመው። ዲሴምበር 2017 ሞሬኖ ሲጎዳ ተራው ደረሰ፣ ቦታውን መልሶ አላስረከበም። በ2019 ሻምፒዮንስ ሊግን፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግን አነሳ።

ከአንድ ቦታ በላይም ልመድ። ስኮትላንድ እሱንና ኪራን ቲርኒን፣ ሁለት ጎበዝ የግራ ተከላካዮችን፣ በአንድ ዘመን አገኘች። መፍትሔው ቲርኒን ከሦስቱ የመሀል ተከላካዮች በግራ በኩል፣ ሮበርትሰንን ደግሞ ከፊቱ ማሰለፍ ሆነ። በዚህ አሰላለፍ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር፣ ለዩሮ 2020 ደረሱ። ኖቬምበር 2025 ላይ ደግሞ ሃምፕደን ላይ ዴንማርክን 4 ለ 2 ረትተው ለ2026 የዓለም ዋንጫ ሲያልፉ አምበሉ እሱ ነበር። ትኬት ይሸጥበት በነበረው ስታዲየም!

ዛሬ ማታ ከድሮ ጨዋታዎቹ አንዱን ክፈትና ለ10 ደቂቃ ኳሱን ተወው። ዓይንህን እሱ ላይ ብቻ አድርግ። ኳስ ሳይኖረው ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብሎ እንደሚያይ ቁጠር፣ ነገ ልምምድ ላይ የራስህን ደግሞ ጓደኛህ ይቁጠርልህ።