«ክላስ ኖት ፋውንድ» ሲላችሁ መጀመሪያ ስሙን አንብቡ

በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። በፒኤችፒ፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ የተጻፈውን አዲስ ኮድ ሰርቨር ላይ ካወጣችው ገና አሥር ደቂቃ አልሞላም። ደረሰኝ የሚያሳየው ገጽ ሲከፈት ነጭ ብቻ ነው፣ ምንም አይታይበትም። ሎጉን (ሰርቨሩ ስህተቶችን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስታየው «ክላስ አፕ\ቢሊንግ\ኢንቮይስ ኖት ፋውንድ» ይላል፤ ክላሱ (በስም የሚጠራው የኮድ ክፍል) አልተገኘም ማለት ነው። ላፕቶፗ ላይ ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል። «ፋይሉ እኮ አለ፤ ይኸው እያየሁት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፋይሉ አለ።

ይህ ኤረር ሰው የሚያደክመው በዚህ ነው። ፋይሉ ዓይናችሁ ሥር ቁጭ ብሎ «የለም» ትባላላችሁ። ያኔ ብዙ ሰው ከውጭ የመጡ ፓኬጆች ያሉበትን የቬንደር ፎልደር ያጠፋል፣ ኮምፖዘርን (ፓኬጆቹን የሚያመጣውን መሣሪያ) እንደ አዲስ ያስጭናል፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ ይሳካል። ለምን እንደተሳካ ግን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ፋይሉን በሪኳየር (ፋይል በአድራሻው በሚጭነው ትእዛዝ) በግድ መጥራትም ያው ነው፤ ቁስሉን ሳያዩ በፋሻ መጠቅለል ነው። ይህን ኤረር በግምት መነካካት አያስፈልግም። የፈለገውን ስም ከነሙሉ አድራሻው ጽፎ ይነግራችኋል።

ስሙን ከማንበባችን በፊት፣ ፒኤችፒ ክላስ የሚያገኘው እንዴት ነው? ኮዳችሁ አንድ ክላስ ሲጠራና ክላሱ ገና ያልተጫነ ከሆነ፣ ፒኤችፒ ኦቶሎደሩን ይጠይቃል። ኦቶሎደር ስም ተቀብሎ ፋይል የሚፈልግ ፈንክሽን ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ዛሬ አብዛኛው ፕሮጀክት የኮምፖዘርን ኦቶሎደር ይጠቀማል። እሱም ፒኤስአር-4 በሚባለው ስምምነት ይሄዳል። የስሙ መነሻ፣ ለምሳሌ «አፕ\»፣ ከአንድ ፎልደር ጋር ይያያዛል። የተቀረው ስም እንዳለ ወደ ፎልደርና ፋይል ስም ይለወጣል። መነሻው ሶርስ ከሚባል ፎልደር ጋር ከተያያዘ፣ «አፕ\ቢሊንግ\ኢንቮይስ» የሚፈለገው ሶርስ ውስጥ፣ ቢሊንግ ውስጥ፣ ኢንቮይስ በሚባል የፒኤችፒ ፋይል ነው። (ስሞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ጻፍኳቸው እንጂ ኮዱ ላይ በላቲን ናቸው።)

እንግዲህ ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ፒኤችፒ የጠየቀው ስም የትኛው ነው? ኦቶሎደሩ የትኛውን ፋይል ፈለገ? ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውስ ስም ያው ነው? ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ስሙን ስታነቡ ያልጻፋችሁት ነገር ከፊቱ ተለጥፎ ካገኛችሁ፣ ጉዳዩ ወዲያው ያልቃል። «አፕ\ቢሊንግ\ዴትታይም ኖት ፋውንድ» ካላችሁ፣ እናንተ የፈለጋችሁት የፒኤችፒን የራሱን ዴትታይም ነበር። ፋይሉ አናት ላይ ኔምስፔስ (የስሞቹን መነሻ የሚወስነው መስመር) ስላለ፣ ፒኤችፒ ስሙን እዚያው ሰፈር ውስጥ ፈለገው። ከላይ የዩዝ መስመር (የትኛውን ክላስ እንደፈለጋችሁ የሚናገር) ጨምሩ፣ ወይም ከስሙ ፊት አንድ ባክስላሽ አድርጉ። ብዙዎች የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው፦ «ታዲያ የስትሪንግ (የጽሑፍ) ርዝመት የሚቆጥረው ፈንክሽን ያለ ምንም ባክስላሽ ለምን ሠራልኝ?» ፒኤችፒ ፈንክሽንና ኮንስታንት ኔምስፔሱ ውስጥ ሲያጣ ወደ ግሎባሉ ወጥቶ ይፈልጋል። ለክላስ ግን አይወጣም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የዚህ ችግር አንድ ድምፅ የሌለው ዘመድ አለ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው። ኔምስፔስ ባለው ፋይል ውስጥ ትራይ ካች (ስህተት ሲነሳ የሚይዝ ኮድ) ጽፋችሁ ኤክሴፕሽንን (የስህተቱን ክላስ) ያለ ባክስላሽና ያለ ዩዝ ካስቀመጣችሁ፣ ምንም ኤረር አይመጣም። ካች የማይታወቅ ክላስ ሲገጥመው ኦቶሎደሩን አይጠራም፤ «አይመለከተኝም» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ያዝኩት ያላችሁት ስህተት ሳይያዝ ወደ ላይ ይወጣል። «ይህ ነገር የዚህ ክላስ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ኢንስታንስኦፍም እንደዚሁ ነው፤ ሁልጊዜ ውሸት ይመልሳል። ካች ብሎካችሁ ፈጽሞ የማይነካ ከሆነ፣ አመክንዮውን ከመመርመራችሁ በፊት የፋይሉን አናት እዩ።

የክላሱን ስም በስትሪንግ የምታስተላልፉ ከሆነ ደግሞ ዩዝ አያግዛችሁም። ስትሪንግ ውስጥ ሙሉ ስሙ መግባት አለበት። በድርብ ጥቅስ ከጻፋችሁትማ ከባክስላሽ ቀጥሎ የመጣች ትንሿ የላቲን «ኤን» አዲስ መስመር ትሆናለች፣ «ቲ» ደግሞ ታብ። ኤረሩ ላይ ስሙ መሃሉ ተቆርጦ ወደ ታች ከወረደ ይኸው ነው። ከክላሱ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ሁለቴ አድርጋችሁ ክላስ የሚለውን ቃል ብትጽፉ ይሻላል፤ ፒኤችፒ ሙሉ ስሙን ራሱ ያወጣላችኋል። ግን ይህ አጻጻፍ ክላሱ መኖሩን አያጣራም። የፊደል ግድፈት ካለበት የሚታወቀው በኋላ ክላሱ ሲፈለግ ነው።

ስሙ ትክክል ሆኖስ? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ማንም ሳይነግረኝ ዓመታት የቆየሁባትን ዘዴ ልስጣችሁ። ቬንደር ውስጥ ያለውን የኦቶሎድ ፋይል ሪኳየር ስታደርጉ፣ ሎደሩን ራሱን መልሶ ይሰጣችኋል። በቫሪያብል ያዙት። ከዚያ ፋይንድፋይል የሚለውን ሜተድ ጥሩና ከኤረሩ ላይ የገለበጣችሁትን ሙሉ ስም ስጡት። ወይ የፋይል አድራሻ ይመልሳል፣ ወይ ፎልስ። ሦስት መስመር ኮድ ነው። ይህን የምታስኬዱት ችግሩ ባለበት ማሽን ላይ ነው እንጂ ላፕቶፓችሁ ላይ አይደለም።

ለባልደረባዬም ያልኳት ይህንኑ ነበር። ሰርቨሩ ላይ አስኬደችው፤ ፎልስ። ላፕቶፗ ላይ አስኬደችው፤ አድራሻውን ሰጣት። «ሰርቨሩ ላይ ፎልደሩን ዘርዝሪና የመጀመሪያዋን ፊደል እይ» አልኳት። ዝም አለች። ክላሱ በካፒታል ሌተር ይጀምራል፤ ፋይሉ ግን በስሞል ሌተር። የእሷ ማክ በተለመደው አሠራሩ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ዊንዶውስም እንደዚሁ። ሊኑክስ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ፒኤችፒ ራሱ በክላስ ስም ላይ ካፒታልና ስሞል አይለይም፤ ኦቶሎደሩ ግን እንደተጻፈው ይዞ ዲስኩ ላይ ይፈልጋል፣ ዲስኩም ይለያል።

የገረማት ነገር፣ ላፕቶፗ ላይ ፋይሉ በካፒታል ነበር። ከሳምንት በፊት አስተካክላዋለች። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ግን ለውጡን አላየውም። ፊደል የማይለይ ዲስክ ላይ ስም በእጅ ስትቀይሩ ጊት ብዙ ጊዜ አሮጌውን ስም እንደያዘ ይቀራል። ጊት የያዘውን እውነተኛ ስም የሚያሳያችሁ የጊት ኤልኤስ-ፋይልስ ትእዛዝ ነው። ለመቀየር በጊት ኤምቪ መጀመሪያ ወደ ሌላ ጊዜያዊ ስም፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ስም ውሰዱት። ሁለት ትእዛዝ፣ አንድ ኮሚት።

ፋይንድፋይል ሁለቱም ማሽን ላይ ፎልስ ካለ ወደ ኮምፖዘር ጄሰን ፋይላችሁ (የኮምፖዘር ቅንብር ወደሚጻፍበት) ሂዱ። መነሻው በባክስላሽ መጨረስ አለበት፤ ጄሰን ስለሆነ ደግሞ ድርብ ሆኖ ይጻፋል። ይህን ክፍል ከነካችሁ ኮምፖዘር ደምፕ-ኦቶሎድን (ኦቶሎደሩን እንደ አዲስ የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ) ማስኬድ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ለውጡ የትም አይደርስም። ሌላው የሚዘነጋው የዴቭ ክፍል ነው። ሰርቨር ላይ ኖ-ዴቭ በሚለው አማራጭ ከጫናችሁ፣ ለልማት ብቻ ያስገባችኋቸው ፓኬጆች አይኖሩም። የናሙና ዳታ የሚፈጥረው ፌከር ሰርቨር ላይ «የለም» የሚባለው በዚህ ነው።

አሁን ሦስተኛው። ፋይንድፋይል አድራሻ ሰጣችሁ፣ ፒኤችፒ ግን አሁንም የለም ይላል። ፋይሉ ተገኝቷል፣ ክላሱ ግን ውስጡ የለም ማለት ነው። ክፈቱትና የኔምስፔስ መስመሩን ከኤረሩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከሌላ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ መስመሩን ረስታችሁት ይሆናል። የተረሳው ስም ከዚህ በፊት የተጫነ ክላስ ከሆነ ኤረሩ ይቀየርና «ስሙ ተይዟል፣ ክላሱን ማወጅ አይቻልም» ይላችኋል። ምንጩ ግን አንድ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ኔምስፔሱም፣ የክላሱ ስምም፣ የፋይሉ ስምም ልክ ነበሩ። ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። በመጨረሻ የገጹን ሶርስ ስከፍት የራሴ ኮድ እንደ ተራ ጽሑፍ ተዘርግፎ አየሁት። ፋይሉ የሚጀምረው በአጭሩ የፒኤችፒ ታግ (ኮድ እዚህ ይጀምራል የሚለው ምልክት አጭር ቅርጽ) ነው፤ ሰርቨሩ ላይ አጭሩ ታግ ተዘግቷል። ፒኤችፒ ፋይሉን አነበበው፣ ኮድ መሆኑን ግን አላወቀም። ከዚያ ወዲህ የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ሳላይ አላልፍም።

ስሙ ምንም ኔምስፔስ የሌለው፣ እናንተም ያልጻፋችሁት ክላስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዚፕአርካይቭ፣ ዶምዶክዩመንት ወይም ነምበርፎርማተር፣ ኮምፖዘርን ተዉት። የጎደለው ኤክስቴንሽን (የፒኤችፒ ተጨማሪ ክፍል) ነው፦ በቅደም ተከተል ዚፕ፣ ዶም እና ኢንትል። ተርሚናል ላይ አለ፣ ብሮውዘር ላይ የለም ከሆነ አትደንግጡ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያየ የፒኤችፒ ኢኒ (የቅንብር) ፋይል ነው የሚያነቡት፤ በፒኤችፒኢንፎ ከብሮውዘሩ በኩል አረጋግጡ። ፋይሉን አስተካክላችሁ ምንም ካልተለወጠም ኦፒካሽን (ፒኤችፒ ያነበበውን ኮድ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጠውን) አስቡ። የፋይል ሰዓት እንዳያይ ተደርጎ ከተዋቀረ፣ ኤፍፒኤምን (ፒኤችፒን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደውን ፕሮግራም) እስክታድሱት ድረስ አሮጌውን ኮድ ይዞ ይቆያል። በጣም አሮጌ ኮድ ወደ ፒኤችፒ 8 ካመጣችሁ ደግሞ የድሮው ኦቶሎድ ፈንክሽን፣ ሁለት አንደርስኮር ከፊቱ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከዚህ ቨርዥን ተወግዷል። በኤስፒኤል ኦቶሎድ ሬጂስተር ተኩት።

ያን ምሽት ገጹ ከአምስት ሰዓት በፊት ተመለሰ። በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ደምፕ-ኦቶሎድን በኦፕቲማይዝ አማራጩ አስኬድነው። ኮምፖዘር 2 እንዲህ ሲደረግ ከፒኤስአር-4 ጋር ያልተስማማውን ክላስ እየጠቀሰ «ዘልዬዋለሁ» ይላል፤ ማክ ላይም ቢሆን ያያል። አራት ፋይሎች ወጡ፤ ሁለቱ የእኔ ነበሩ። አስተካከልናቸውና ስትሪክት-ፒኤስአር የሚለውን አማራጭ ጨምረን ትእዛዙን ሲአይ (ኮዱን ከመውጣቱ በፊት በራሱ የሚፈትሸው ሥርዓት) ላይ አስገባነው። አሁን አንዲት ፊደል ከተዛባች ቢልዱ ይወድቃል፤ ኮዱ ሰርቨሩ ጋ አይደርስም።