ትንሿን ውሻዎን ለማስወለድ ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እናስወልዳት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ረፍዶ ነው። ውሻዋ ድራት ላይ ናት፣ ማለትም ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሷል፤ ወለሉ ላይ የደም ጠብታ ይታያል፤ አንድ ወዳጅ ደግሞ የሚያምር ወንድ ውሻ አለው። በዚያ ሰዓት ምርመራ የሚያስደርግ፣ አባት የሚያማርጥ፣ ለክፉ ቀን ገንዘብ የሚያስቀምጥ የለም። የመጀመሪያዋን ውሻዬን ያስወለድኩት እኔም በዚሁ መንገድ ነው፤ የደረሰውን ዝቅ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲህ ያስወለድኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ «ይቅር» ያልኩባቸው ጊዜያት ግን ከዚያ ይበልጣሉ።

«አንድ ጊዜ ብትወልድ ይበጃታል» ብሎ ማመን

ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው፤ መሠረት ግን የለውም። ለሴት ውሾች አደገኛ ከሆኑት ሕመሞች አንዱ ማህፀን ውስጥ መግል መቋጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድራት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ የወለደችውንም ያልወለደችውንም አይምርም። የሚከላከለው ማምከን ነው እንጂ መውለድ አይደለም። ወንዱም ቢሆን ከሴት ጋር ስለተገናኘ አደብ አይገዛም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከዚያ በኋላ በየጥጉ መሽናትና በር በተከፈተ ቁጥር መሮጥ ይለምዳል። «ልጆቼ ውሻ ስትወልድ ይዩ» የሚሉም አሉ። ምጡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጆቹ በተኙበት ሌሊት ነው፤ ከሚወለዱትም ውስጥ የማይተነፍስ ሊኖር ይችላል። «እናትነትን ሳታይ ትቅር?» የሚለው ቁጭት ደግሞ የእኛ ነው፤ የእሷ አይደለም።

በመጀመሪያው ድራት ማስወለድ

የትናንሽ ዝርያዎች የመጀመሪያ ድራት ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ዕድሜ ሊመጣ ይችላል። ማርገዝ ቻለች ማለት ግን ለመውለድ ደረሰች ማለት አይደለም። ገና ራሷ ቡችላ ናት፤ የጉልበቷም የዓይኗም ጤንነት፣ ጠባይዋም ጭምር አልለየም። አንድ ሁለት ድራት አሳልፋ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሲሆናት ማሰብ ይሻላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስወለድ የምጥ ችግር ያበዛል። የውሾችን ዝርያ የሚመዘግበው የብሪታንያው ኬኔል ክለብ በመደበኛ አሠራሩ እናቲቱ ከወንድ ጋር ስትገናኝ አንድ ዓመት ካልሞላት፣ ስትወልድ 8 ዓመት ከደፈነች፣ ቀድሞ አራት ጊዜ ከወለደች ወይም ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ከወለደች ቡችሎቿን አይመዘግብም። ይህ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ እስከ ወሰኑ ጥግ መሄድ ግን ግዴታ አይደለም።

«ጤነኛ ናት፤ ታማ አታውቅም» ብሎ ምርመራን መዝለል

አንዲት ትንሽ ውሻ ስትሮጥ ይመልከቱ። በመሃል አንድ የኋላ እግሯን ታነሳለች፤ ሦስት አራት እርምጃ በሦስት እግር ታነክሳለች፤ ከዚያ እግሯን ወደ ኋላ ፈነጠር አድርጋ ምንም እንዳልሆነ ሩጫዋን ትቀጥላለች። ባለቤቱ ይስቃል፤ «እንዲህ ናት እሷ» ይላል። የሆነው ግን የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ተንሸራቶ መመለሱ ነው። ይህ በቺዋዋ፣ በፖሜራኒያን፣ በዮርክሻየር ቴሪየርና በትንንሾቹ ፑድሎች ዘንድ የተለመደ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። የእንስሳት ሐኪም በእጁ ዳስሶ ያገኘዋል፤ የችግሩንም ክብደት ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይመድባል። ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠየቅ ብቻ ነው።

ዓይን ላይ ደግሞ ነገሩ ይረቅቃል። ቀስ በቀስ ወደ መታወር የሚያደርሱ አንዳንድ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) በሽታዎች የሚወጡት ቡችላው ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። ሁለቱ ወላጆች ተሸካሚ ቢሆኑ በዓይናቸው ላይ ምንም አይታይም፤ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ ግን ከአራት አንድ ነው። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና በሚሠራ የዘረ መል ምርመራ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ተሸካሚ መሆን ብቻውን ከመውለድ አያግድም፤ አጣማጇ ከዚያ ዘረ መል ነጻ ይሁን እንጂ። የፀጉር ቀለምም ከቁም ነገር ይገባል፤ ሜርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም ያላቸው ሁለት ውሾች ቢዳቀሉ ከቡችሎቻቸው ሩብ ያህሉ ዘረ መሉን ከሁለቱም ወገን ሊወርሱና ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ።

የሚረሳው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። የውሾቹ ዓይነት በግንኙነት ይተላለፋል፤ እርግዝናው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ያስወርዳል፤ ወደ ሰውም ይሻገራል። ሁለቱም ከመገናኘታቸው በፊት የደም ምርመራ ያድርጉ። የወንዱ ባለቤት ቢቀየም ይቀየም። ሌላ ወንድ ይፈለጋል።

ትንሽነትን ማሳደድ

«ስኒ ውስጥ የምትገባ» ተብላ የምትሸጥ ውሻ የራሷ ዝርያ የላትም፤ ከዝርያው መጠን በታች የቀረች ውሻ ናት። ትንንሾቹን ከትንንሾቹ እያዳቀሉ ሲሄዱ በቀላሉ የሚሰበር አጥንት፣ ሳይገጥም የሚቀር የራስ ቅል፣ አንድ ምግብ በዘለለ ቁጥር የሚወርድ የደም ስኳር ይመጣል። እናቲቱ ስታንስ ደግሞ የቡችላው ጭንቅላት በዚያው ልክ አያንስም።

የእኔዋ ሁለት ኪሎ ተኩል አትሞላም ነበር፤ ወንዱ ከእሷ ገዘፍ ይላል። ራጅ አላስነሳሁም፤ ሆዷ ትንሽ ስለነበር «ቀላል ይሆናል» አልኩ። ለካስ ትንሽ የነበረው አንድ ቡችላ ብቻ ስለያዘች ነው። ምጥ የሚቀሰቅሰው መልእክት የሚመጣው ከቡችሎቹ ነው፤ አንድ ብቻ ሲሆን መልእክቱ ይደክማል፤ ምጡ ይዘገያል፤ ቡችላው ግን ማደጉን አያቆምም። ሌሊቱን ሙሉ ሳጥኗ ውስጥ እየተነሳች ስትተኛ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጠዋት በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ሞቶ ነበር። እሷ ተረፈች። ለሦስት ቀን ያህል የተነጠፈላትን ጨርቅ ስትጭር ሰንብታለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ከእርግዝናው 55ኛ ቀን ወዲህ የሚነሳ ራጅ የቡችሎቹን ቁጥር ያሳያል፤ የጭንቅላታቸውንም መጠን ከዳሌዋ ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎች ደግሞ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በ2010 በብሪታንያ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከቦስተን ቴሪየር፣ ከቡልዶግና ከፈረንሳይ ቡልዶግ ወሊዶች ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት በቀዶ ጥገና የተፈጸሙ ነበሩ። ያለ ሰው ቢላ የማይወለድን ዝርያ ማባዛት ተገቢ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም፤ የማይስማሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

በቀን ቆጠራ ብቻ መመራት

«ድራት ከጀመረች በ11ኛው ቀን ወደ ወንዱ ውሰዳት» የሚለው ምክር አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዷ ግን በ8ኛው፣ አንዳንዷ በ18ኛው ቀን ትደርሳለች። በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚወሰድ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን የሚለካ የደም ምርመራ እንቁላል የሚለቀቅበትን ጊዜ ያሳያል፤ የመውለጃውም ቀን ከዚያ በኋላ 63 ቀን ገደማ ተብሎ በተሻለ እርግጠኝነት ይገመታል። ከተገናኙ በኋላም ድራቱ እስኪያልቅ በሩን ይዝጉ፤ የአንድ ወሊድ ቡችሎች አባታቸው ሁለት ሊሆን ይችላልና።

ለነፍሰ ጡሯ ካልሲየም መስጠት

ይህ ከደግነት የሚመጣ ስህተት ስለሆነ ለማስጣል ይከብዳል። ሰውነቷ ለወተት የሚሆን ካልሲየም ሲያጥረው ከአጥንቷ ይስባል፤ ይህን የሚያዙት አንገቷ ላይ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። በእርግዝናዋ ጊዜ በእንክብልና በዱቄት ካልሲየም ከተሞላች ዕጢዎቹ ይሰንፋሉ። ከዚያ ቡችሎቹ በኃይል በሚጠቡባቸው ሳምንታት ድንገት ሲፈለጉ አይደርሱላትም። መቁነጥነጥ፣ ማለክለክ፣ ቡችሎቿን መሸሽ፣ የእግሮቿ መገተርና መንቀጥቀጥ ከታየ ቡችሎቹን አንስተው እሷን ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱ፤ ሰዓታት ይገድሏታል። በብዛት የሚያገኘው ትንንሾቹን ውሾች ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚበጃት ለቡችላ የተዘጋጀ፣ የተመጣጠነ መኖ ነው፤ ሌላው የሚጨመረው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው።

ለምጡ ሌሊት አለመሰናዳት

ከሳጥኑና ከፎጣው ይልቅ ቴርሞሜትርና በግራም የሚመዝን ሚዛን ይቅደሙ። ከመውለዷ አንድ ሳምንት አስቀድመው ሙቀቷን ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ አይጠብቁ። ሌሊት የሚሠራ ሐኪም ቤት የት እንዳለ የሚፈለገው ያኔ መሆን የለበትም።

የትንሽ ዝርያ ቡችላ ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ክብደቱ አይሰማም። የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት ሊፈጭ ስለማይችል ከመመገቡ በፊት ይሙቅ። በየቀኑ ይመዘን፤ ክብደቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ መሆን አለበት። ሁለት ቀን ሳይጨምር የቆየ ቡችላ፣ ቢንጫጫም ባይንጫጫም፣ ችግር ላይ ነው።

ወሳጁን ሳያውቁ ማስወለድ

«አንድ ለእኔ!» ያሉት ወዳጆች ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ጉዞ አለባቸው፣ ቤት እየቀየሩ ነው፣ ልጃቸው አለርጂ ሆኗል። ከዚያ ዕድሜ በፊት ደግሞ ከእናታቸው መለየት የለባቸውም። ስለዚህ እኔ ድራቱ ሳይመጣ ቤታቸውን ያየኋቸው፣ ቃላቸውን የሰጡኝ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ከሌሉ አላስወልድም። ከትርፉ የሚታሰብ ነገር ካለ ደግሞ አንድ የሌሊት ቀዶ ጥገና ሊበላው ይችላል።

ስሰጥም የማስፈርማት አንዲት መስመር አለች፦ «ማቆየት ካልቻላችሁ፣ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን፣ ወደ እኔ መልሱት»። እስካሁን አንዱ ተመልሷል። አራት ዓመት ሞልቶት፣ ጥርሱ ተበላሽቶ፣ አንገቱ ላይ የልጅነት ቀበቶው እንዳለ መጣ። ይህን ስጽፍ ከወንበሬ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል።