በሄዱበት አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግልዎታል?

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። በዚህ የኮንዶሚኒየም መንደር ሽኝት የሌለበት ወር አይገኝም፤ ዲቪ የደረሳቸው ባልና ሚስት፣ ለትምህርት የሚሄድ ወጣት፣ በልጆቻቸው ጥሪ በእርጅና ዘመናቸው አገር የሚለቁ አባት፣ ሁሉም ውጭ ኖሬ መመለሴን ሰምተው ከጉዟቸው በፊት ደጄን ያንኳኳሉ። የሚጠይቁኝ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራና ስለ ብርዱ ነው። ስለ ቤተ መጻሕፍት የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ራሴ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ በየቀኑ እያለፍሁ፣ ገንዘብ የሚያስከፍል መስሎኝ አንድም ቀን አልገባሁም።

ችግሩ ከለመድነው ነገር የመጣ ይመስለኛል። እኛ ቤተ መጻሕፍት ስንል በአብዛኛው የምናስበው ተማሪ ለፈተና የሚያጠናበትን ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው፤ ቦርሳ በር ላይ ይቀመጣል፣ መታወቂያ ይያዛል፣ መጽሐፉም ከግቢው አይወጣም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ትልልቅ ተቋማት ናቸው፤ ዳር ከተማ ለምንኖር ግን ወደዚያ መሄድ ታክሲ መቀያየርና ግማሽ ቀን ማጥፋት ነው። በብዙ የውጭ ከተሞች ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለው፣ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ የሚያውስና የመጤውን ጉዳይ ጭምር የሚያይ የአገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው።

ይህ አገልግሎት የበጎ ፈቃድ ችሮታ እንዳልሆነ ማወቅ ሲጠይቁ እንዳያፍሩ ይረዳዎታል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ያዘጋጀውና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የመድብለ ባህል ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ ቤተ መጻሕፍት ማንንም ሳይለይ ለሁሉም የማኅበረሰቡ አባላት፣ ለእነርሱ በሚስማማው ቋንቋና ፊደል መረጃ ማቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ፊደል የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሕግ ደግሞ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስዊድንኛ ላልሆነ ሰዎች የተለየ ትኩረት እንዲሰጥና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍት እንዲቀርቡላቸው ያዛል። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ በዚያ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዎ ካርድ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ ፓስፖርትም ሊሆን ይችላል፣ እና የሚኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ ማስረጃ ሲሆን፣ ለዚህም የኪራይ ውል፣ የመብራት ሒሳብ ወይም በስምዎ የመጣ ደብዳቤ በብዙ ቦታ ይበቃል። ዘመድ ቤት ተጠግተው ከሆነና በስምዎ የመጣ ምንም ወረቀት ከሌለ ይህንኑ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ይንገሯት፤ ጊዜያዊ ካርድ የሚሰጡ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ቅጹን ሲሞሉ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የአባትዎ ወይም የአያትዎ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ ሌላ ጊዜ በራስዎ ስም ብቻ ቢጠይቁ ላያገኙዎት ይችላሉ። የልደት ቀንዎ በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። እናት ከሆኑ ደግሞ የእርስዎና የልጅዎ የመጨረሻ ስም ስለማይመሳሰል ጥያቄ ሊነሣብዎ ይችላልና፣ እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራ በሁለት ዐረፍተ ነገር ለማስረዳት ይዘጋጁ።

አሁን ወደ አማርኛ መጻሕፍት ልምጣ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎረቤቴ የነበሩ ጡረተኛ ልጃቸው ዘንድ በሄዱ በሦስተኛው ወር ደውለው፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ልጃቸው ሥራ ሲውል እርሳቸው እንደ እስረኛ መስኮት ሥር ተቀምጠው እንደሚውሉ ነገሩኝ። ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ ብዬ መከርኋቸው። ሄደው በኮምፒውተር ፈልገው ነበር፤ «በእኛ ቋንቋ አንድም የለም» አሉኝ። መጻሕፍቱ ግን ነበሩ። ያልተገናኙት ፊደሉና ፈላጊው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተዘረጉት የካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍት መዝገብ፣ ሥርዓቶች ፊደላችንን ማስተናገድ ስለማይችሉ የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ይመዘገብ ነበር፤ ልማዱም አሁን ድረስ ቀጥሏል። አገለባበጡ ደግሞ እኛ በስልክ መልእክት ስንጻጻፍ የምንጠቀምበት ዓይነት አይደለም። እኛ «ቀ»ን በ«ኬ» እንጽፋለን፤ እነርሱ በ«ኪው» ይጽፉታል። እኛ «ሸ»ን በሁለት ፊደል፣ በ«ኤስ» እና በ«ኤች» እንጽፋለን፤ እነርሱ «ኤስ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ስለዚህ ጡረተኛው ጎረቤቴ «ፍቅር» የሚል ቃል ያለበትን ርእስ በለመዱት አጻጻፍ ቢፈልጉ ኮምፒውተሩ ምንም አያመጣላቸውም። የደራሲ ስምም እንዲሁ አንዳንዴ በራሱ ስም፣ አንዳንዴ በአባቱ ስም ይገባልና በሁለቱም ይሞክሩ። ዓመቱም ያደናግራል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ አጠገቡ 1965 ወይም 1966 የሚል ማብራሪያ ተጨምሮበት ሊያገኙት ይችላሉ።

አቋራጩ መንገድ ርእስ መፈለግን ትቶ ካታሎጉን በቋንቋ ማጣራት ነው፤ በቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን መርጠው ያለውን ሁሉ ያዩታል። ከተማው አማርኛ መጽሐፍ ካለው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ለሌሎች ቋንቋዎች በተለየ መደርደሪያ ነው። መጻሕፍትን በየጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አመዳደብ በሚጠቀሙ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የተጻፈውን በ963፣ ስለ አማርኛ ቋንቋ የተጻፈውን በ492.87 ቁጥር ሥር ያገኙታል። ጡረተኛው ጎረቤቴ በመጨረሻ ያደረጉት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነበር፦ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ሄደው ባለሙያዋን ጠየቁ። መጻሕፍቱ ከሌላ ቅርንጫፍ በሳምንት ውስጥ መጡላቸው።

በሰፈርዎ ቅርንጫፍ አማርኛ መጽሐፍ ባይኖርም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ኖርዌይ ውስጥ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለ የብዙ ቋንቋዎች ክፍል በየቋንቋው መጽሐፍ እየገዛ ለአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ያውሳል፤ በፊንላንድም ሄልሲንኪ ያለው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። እርስዎ የሚያመለክቱት ለሰፈርዎ ቅርንጫፍ ነው፤ ማፈላለጉ የእነርሱ ሥራ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት «ይህ መጽሐፍ ይገዛልን» የሚል ቅጽም አላቸው። ያልተጠየቀ ነገር ብዙ ጊዜ እንደማይገዛ፣ የማይዋሱት መጽሐፍም ቦታ ለማስለቀቅ ከመደርደሪያ እንደሚወጣ ይወቁ። አሥር የአማርኛ መጻሕፍት ማንም ሳይነካቸው ዓመታት ከቆዩ፣ የመጻሕፍት ግዢውን የሚወስነው ሰው በሰፈሩ አማርኛ አንባቢ የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነ፤ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት በሚቀርቡበት በዚያ ቤት የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣቱን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ።

የቋንቋ ትምህርቱን በአጭሩ ላንሣው። የውይይት ክፍል፣ የዜግነት ፈተና ዝግጅት፣ የሥራ ማመልከቻ እርዳታና ኮምፒውተር በነጻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። በኒው ዮርክ የኩዊንስ ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ መጤዎች የተለየ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ደግሞ በአንዳንድ ከተሞች የመጤዎች አማካሪ ሠራተኛ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

ልጆችዎን ይዘው ለተረት ሰዓት ይሂዱ፤ ነገር ግን ትቶ መሄድ አይቻልም። እዚህ ልጅ ግቢ ውስጥ ሲጫወት ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። እዚያ ትንሽ ልጅ ብቻውን ከተገኘ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛልና፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ብቻውን መቀመጥ እንደሚፈቀድለት አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ገንዘብ ሁሉም አገር አንድ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቶሮንቶ በ2022 የመዘግየት ቅጣትን አስቀርተዋል፤ የጠፋ መጽሐፍ ግን ያስከፍላል። በጀርመን ብዙ ከተሞችና በኔዘርላንድስ አዋቂዎች ዓመታዊ ክፍያ ሲኖርባቸው፣ በኔዘርላንድስ ከ18 ዓመት በታች ያሉ በነጻ ይዋሳሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሄዱ እህቶቻችንም አይርሱ፤ የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን የመኖሪያ መታወቂያ ለያዘ ሁሉ አባልነትን በነጻ ይሰጣል።

በመጨረሻ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጥ መጽሐፍ እንጨምር ወይ እያሉ ለሚጠይቁኝ፦ ከመጫንዎ በፊት ይጠይቁ። በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ ብዙው በርካሽ ተሽጦ ገቢው ለቤተ መጻሕፍቱ ይውላል። 23 ኪሎዋን ሻንጣ ልጆችዎ ማታ ማታ በሚያነቡት መጽሐፍ ይሙሏት፤ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገዛ የሚፈልጉትን ደግሞ ርእሱን፣ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት በወረቀት ጽፈው ይያዙ።