ዝምታ የበዛበትን የፍቅር ፊልም እንዴት እንይ?

የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር የዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» (2000 እ.ኤ.አ.) የትዳር አጋሮቻቸው እርስ በርስ እንደተፋቀሩ የደረሱበት የሁለት ጎረቤታሞች፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት፣ ታሪክ ነው። 98 ደቂቃ ነው፤ ሁለቴ ይታያል። አስቀድማችሁ ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን («ሞሽን ስሙዚንግ») አጥፉ፤ ሆን ተብሎ የተዘገመውን እርምጃ አለስልሶ ስሜቱን ይገድለዋል። «ቪቪድ» የሚለው የምስል ቀለም ምርጫም ቀዩን ያጋንናል። በመጀመሪያው ዙር ምንም አትጻፉ።

በሁለተኛው ወረቀት ያዙ። የሚመዘገበው የሚደጋገመው ነው፦ ደረጃው፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ ሴትዮዋ ኑድል የምትገዛበት ዕቃ፣ የቫልስ ሙዚቃው። በየድግግሞሹ ምን እንደተቀየረ ጻፉ። ዋናው ቁልፍ ቀሚሷ ነው፤ ቦታው ያው ሆኖ ቀሚሱ ከተለወጠ ቀን አልፏል። ይህን የዘለለ ሰው ብዙ ቀን እንደ አንድ ምሽት ቆጥሮ «ምንም አይከሰትም» ብሎ ያማርራል።

የሁለቱ ጎረቤታሞች የትዳር አጋሮች ፊት አይታይም። ስለዚህ ሁለቱ የአጋሮቻቸው ፍቅር እንዴት እንደተጀመረ በትወና ሲሞክሩት፣ ማን በማን ቦታ ሆኖ እንደሚናገር ልብ በሉ። ትወናው ከእውነቱ የሚቀላቀልበት ቦታ አለ፤ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው፣ ቢያንስ ለእኛ። ቀይ ማለት ፍቅር ነው ብሎ ቀድሞ መደምደም ግን ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ የት የት እንደወጣ ቁጠሩ፤ መጋረጃው ላይ ያለው ቀይና ልብሷ ላይ ያለው አንድ ሥራ አይሠሩም።