ቀማኛ ሲገጥም መሣሪያ ከማንሳት በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በቤታቸው ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ላላቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው በምሽት ወደ ቤታቸው ለሚመለሱ፣ እንዲሁም ከብትና እህል ሸጠው ገንዘብ ይዘው ለሚጓዙ የጎንደርና የአካባቢው ሰዎች ነው። በእኛ አገር ጠመንጃ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ንብረት በመሆኑ፣ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ አልከራከርም። አጥብቄ የምናገረው ግን አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያውን ለምን እንደሚያነሱትና ለምን እንደማያነሱት አስቀድመው፣ በቀን ብርሃን፣ ከባለቤትዎና ከአዋቂ ልጆችዎ ጋር ተመካክረው ይወስኑ። ሰው ከእንቅልፉ ባንኖ፣ ልቡ እየደለቀ እንዲህ ያለውን ነገር ሊመዝን አይችልም።

መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። በራስ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ ከሕግ ውጭ የሆነ ጥቃት ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም ሲቃረብ፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለ፣ መከላከሉም ከሚያስፈልገው መጠን ካላለፈ፣ ድርጊቱ አያስቀጣም። ሕጉ በዚህ አንቀጽ የሚጠብቀው ሕይወትንና አካልን ብቻ ሳይሆን ንብረትንም ጭምር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ንብረትን መከላከል ይፈቀዳል ማለት ስለ አንድ በግ ወይም ስለ አንድ ስልክ ሰው መግደል ይፈቀዳል ማለት አይደለም። መጠኑን ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 ቅጣቱ ሊቀልለት፣ ከልክ ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤና ፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሳይቀጣው ሊቀር ይችላል። ይህ ግን ዳኛው ማስረጃውን ሁሉ ሰምቶ የሚወስነው እንጂ አስቀድሞ በኪስ የሚያዝ ዋስትና አይደለም። የመከላከልን ወሰን አልፎ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሲቀጣ፣ መከላከል ነው የሚለው ክርክር ጨርሶ ተቀባይነት ካጣ ግን በአንቀጽ 540 የተመለከተው የተራ ግድያ ቅጣት ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ይህን በተግባር እንየው። አንድ ነጋዴ ከቅዳሜ ገበያ ሱቁን ዘግቶ፣ የቀኑን ሽያጭ በጥቁር ቦርሳ ይዞ፣ መብራት በጠፋበት መንገድ ሲሄድ ሁለት ጎረምሶች ያቆሙታል እንበል። አንዱ ከኋላ ሲይዘው ሌላው ቢላዋ ያሳየዋል። ነጋዴው በወገቡ ሽጉጥ አለው። ቢላዋው ከሆዱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሳለ፣ ሽጉጡ ከካፖርት ሥር ወጥቶ እስኪቀባበል ድረስ የሚጠብቅ ቀማኛ የለም፤ እጅ ለእጅ በሚደርስ ርቀት የተያዘ ሰው መሣሪያውን ከመተኮስ ይልቅ የመቀማት ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቦርሳውን አውጥተው ይስጡ የሚል ነው። በእጅ መስጠት ብቻ ሳይሆን ራቅ አድርጎ መጣልም ይቻላል፤ ዓይናቸው ቦርሳውን ሲከተል እርስዎ ወደ ሰው ወዳለበት ይሸሻሉ።

ቦርሳውን ይዘው መሮጥ ከጀመሩ በኋላ የሚተኮስ ጥይትስ? ብዙ ሰው ቁጭቱ የሚያሸንፈው በዚች ቅጽበት ነው፤ አልፈርድበትምም፤ ነገር ግን ጥቃቱ በሕይወትዎ ላይ መሆኑ በዚያን ጊዜ አብቅቷል። የጥይቱ መግቢያ በጀርባ በኩል መሆኑ በሐኪም ምርመራ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ «ሊገድለኝ ነበር» የሚለው ቃል ከማስረጃው ጋር ይጋጫል። ያን ገንዘብ በጨለማ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ሳይመሽ ወደ ባንክ ማስገባት ወይም ደንበኛው በቴሌብር እንዲከፍል ማድረግ ሽጉጥ ከመታጠቅ የተሻለ መከላከያ ነው።

ጉዳዩ የሚለወጠው የሚፈለገው ንብረቱ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ሲሆን ነው። ቦርሳውን ከሰጡ በኋላ ወደ መኪና ግባ የሚልዎት፣ ልጅዎን የሚጎትት፣ ወይም እቤት ገብቶ እቃውን ትቶ ወደ ሴቶቹ የሚሄድ ሰው ቀማኛ ብቻ አይደለም፤ ጥቃቱ በሕይወትና በአካል ላይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ በኃይል መከላከል በሕግም በኅሊናም የተለየ ሚዛን አለው። እዚህም ቢሆን ማምለጥና «ድረሱልኝ» ብሎ መጮህ ከተቻለ ያ ይቀድማል፤ ሕጉ «በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለ» ያለውን ዳኛው መጠየቁ አይቀርም።

የሌሊቱን ነገር ለብቻው ልለየው፤ ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚደርሰው በሌሊት ነው። አጎቴ በአዘዞ በኩል ሲኖር አንድ የጥቅምት ሌሊት የአጥሩ ቆርቆሮ ሲንጓጓ ሰማ። ጠመንጃውን አቀባብሎ በጓዳው በር ቆመ፤ ከኮባው ሥር ጥቁር ነገር ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ጣቱ ቃታው ላይ ሳለ ሲጮህ የነበረው ውሻ ድንገት ዝም አለ፤ ቀጥሎም ጅራቱ በደረቀው የኮባ ቅጠል ላይ ሲማታ ተሰማው። አጎቴ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። አጥር ዘሎ የገባው፣ አምሽቶ በሩ ስለተዘጋበት አባቱን እንዳይቀሰቅስ የፈራው የገዛ ልጁ ነበር። አጎቴ ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይሰበራል። ስለዚህ ያልለዩት ነገር ላይ በፍጹም አይተኩሱ። ከግንብ ወይም ከጠንካራ ነገር ጀርባ ሆነው «ማነህ?» ብለው በኃይል ይጩኹ፤ የደጁን መብራት ያብሩ፤ ጎረቤትን በእሪታ ይጥሩ። በግ ሊሰርቅ የመጣ ሌባ በዚህ ይሸሻል፤ እንዲሸሽም ይተዉት። ጎረቤት ተባብሮ ቢይዘው ደግሞ ሕጉ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንኛውም ሰው ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ይፈቅዳል፤ አስሮ መደብደብ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ወደ ሰማይ መተኮስም ቀላል ነገር ተደርጎ ይወሰዳል። የክላሽ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከተማችን በኮረብታ ላይ የተሠራ፣ ቤቱ በቤት ላይ የተደረበ ነው፤ ከማራኪ ሰፈር አቅጣጫ የተተኮሰ ጥይት የት ወርዶ ማንን እንደሚያገኝ የሚያውቅ የለም። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ አጥርም ጥይት አያቆሙም፤ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤትዎ ልጆች አልጋ አለ። በተጨማሪም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው የትጥቅ ግጭት ምክንያት በሌሊት የተሰማ ተኩስ የጸጥታ ኃይሎችን ሊያመጣ ይችላል፤ እነርሱ ሲደርሱ ጠመንጃ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ባለቤት ይሁን ቀማኛ በጨለማ አይለይም።

ስለ ፈቃድ አጭር ቃል ብቻ ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። መከላከሉ ሕጋዊ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ በመያዝዎ ለብቻው ሊከሰሱ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተኩሰው ሰው ከመቱ፣ አደጋው ማለፉን እንዳረጋገጡ ጥይቱን አውጥተው መሣሪያውን ያስቀምጡ፤ ወደ ፖሊስ ይደውሉ፤ የቆሰለውን ሰው፣ ቀማኛ ቢሆንም፣ ደሙን በጨርቅ አጥብቀው ይዘው ወደ ሆስፒታል እንዲደርስ ያድርጉ። ቀለሁን አይልቀሙ፤ ቢላዋውን አያንቀሳቅሱ፤ ደም አይጠቡ። እነዚህ ነገሮች እውነቱን የሚናገሩልዎት ምስክሮች ናቸው፤ የነካካ ሰው ግን የሚደብቀው ያለው ይመስላል። መታሰርዎ አይቀርም ብለው ይዘጋጁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለዎት፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዎታል። መርማሪው ተጨማሪ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰው በሞተበት ጉዳይ ዋስትና መከልከልም ያጋጥማል። ስለዚህ ማንነትዎንና ጥቃት እንደደረሰብዎ ከገለጹ በኋላ ዝርዝሩን ከጠበቃ ጋር ተነጋግረው ይስጡ።

ፍርድ ቤቱ ነጻ ቢያወጣዎትም የሟች ወገን ደሙን አይረሳም። እኛ ዘንድ ሟች ቀማኛም ቢሆን የእናት ልጅ ነው፤ ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው። ራሱን ተከላክሎ በሕግ ነጻ የወጣ አንድ የማውቀው ሰው ሽማግሌዎች እርቁን እስኪጨርሱ ድረስ ገበያ ሳይወጣ፣ ልጆቹን ወደ ሩቅ ዘመድ ልኮ፣ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ኖሯል። ከዚያ ሌሊት አንድ በሬ ድኖለታል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሳይውሉ ሳያድሩ በሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሽማግሌዎችንና የንስሐ አባትን ይላኩ፤ ካሳ መነጋገር ጥፋተኛ ነኝ ማለት እንዳይሆን ግን ቃሉን ከጠበቃዎ ጋር ይመልከቱት።

አሁን ወደ ቤትዎ ይመለሱና ዛሬ የሚሠራውን ይሥሩ። መሣሪያውንና ጥይቱን ለየብቻ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያና የሦስት ጎረቤቶችን ስልክ ሁሉም የቤተሰብ አባል ይያዝ፤ ልጆች በሌሊት ጩኸት ሲሰሙ የትኛው ክፍል እንደሚገቡ ይወቁ። አጎቴ በዚያ ሌሊት ማግስት በአጥሩ ላይ ሁለት አምፖል ሰቀለ፤ ለልጁም የበሩን ቁልፍ አስቀረጸለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አምሽቶ የሚገባ ሰው፣ እንግዳም ይሁን ቤተኛ፣ ከበሩ ማዶ ሆኖ ስሙን ጮክ ብሎ ይናገራል።